«ወይ ሽጪው፣ ወይ ተይው» እየተባልኩ ነው

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበቱ? ዓምድዎን ከሚከታተሉት አንዷ ነኝ። ጉዳዬ ሌሎች ከሚጽፉልዎ ከባድ ጉዳዮች አጠገብ ሲቀመጥ ቀላል ሊመስል ይችላል። ለእኔ ግን እንቅልፍ ስለነሣኝ ልጽፍልዎ ወሰንኩ።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ ነው። ሥራዬ ገንዘብ ያዥነት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የሰው ብር ስቆጥር እውላለሁ። ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሹራብ እሠራለሁ። ያስተማረችኝ ደብረ ታቦር ያለችው አክስቴ ናት። ያኔ መርፌ መግዣ ስላልነበረን የጀመርነው ከአሮጌ ብስክሌት በተነቀለ ራጂ ነበር፤ ጫፉን ድንጋይ ላይ ፈትጋ ታሾልልኝ ነበር። ሥራ ስይዝ ትቼው ቆየሁና ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ እንደገና ጀመርኩ።

ደስታውን እንዴት ብዬ እንደምነግርዎ አላውቅም። ክሩ በጣቶቼ መሐል ሲሄድ የተበተነ ሐሳቤ ይሰበሰባል። መብራት ሲጠፋ እንኳ አላቆምም፤ ጣቶቼ መንገዱን ለምደውታል።

አምና ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ አራስ ሹራብ ከነኮፍያውና ከነካልሲው ሠርቼ ሰጠኋት። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ «ለእኔም፣ ለእኔም» አለኝ። ባለቤቴም «በየወሩ ለክር 500፣ 600 ብር ታወጫለሽ፤ ቢያንስ ሽጪውና ወጪሽን መልሺ» አለኝና ሦስት ትዕዛዝ እያንዳንዱን በ1,500 ብር ተቀበልኩ። የመጀመሪያውን በደስታ ጨረስኩ። ሁለተኛዋ ግማሽ ላይ ስደርስ ቀለሙ አላማረኝም ስላለች ተርትሬ እንደ አዲስ ሠራሁት። ሦስተኛው እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ በፌስታል ተቀምጧል። ሳየው ይከብደኛል። ቀኝ እጄንም አንጓው ላይ ያመኝ ጀምሯል።

ከእንግዲህ ለሽያጭ አልሠራም ስለው ባለቤቴ ተቆጣ። «ወይ ሽጪው፣ ወይ ተይው! በባሕር ዳር ሙቀት ሹራብ ማን ይለብሳል? ደግሞ እሱን ከያዝሽ አጠገቤ ተቀምጠሽም ቤት ያለሽ አትመስይም» አለኝ። አማቴ አብራን ትኖራለች። እሷ ደግሞ እሑድ፣ በሚካኤልና በማርያም ቀን ክር ስይዝ ካየች ቀኑን ሙሉ ታኮርፋለች። አሁን ሁሉም እስኪተኛ ጠብቄ ማድ ቤት ገብቼ በር ዘግቼ ነው የምሠራው። በገዛ ቤቴ ሌባ የሆንኩ ይመስለኛል። ባለቤቴ ክፉ ሰው አይደለም፣ እንዳይመስልብኝ። ግን ምን ላድርግ? እንደ ሰው መሸጥ ልልመድ ወይስ ጭራሽ ልተወው?

ከዓባይ ማዶ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ጻፍሽልኝ። ለመጨረሻው ጥያቄሽ በመጀመሪያ ልመልስልሽ፦ አትተዪው። መሸጡንም ካልወደድሽው አትልመጂው። በምን ምክንያት እንዲህ እንደምልሽና በቤትሽ ውስጥ ያለውን ቅሬታ እንዴት ማርገብ እንደሚቻል አንድ በአንድ እናየዋለን።

ደብዳቤሽ ውስጥ ልቤን የነካው ማድ ቤቱ ነው። የሰው ገንዘብ በአደራ የምትይዢ ሴት አንድ ጥቅል ክር ይዘሽ በር መዝጋትሽ አሳዝኖኛል። ተደብቀሽ ስትሠሪ ጆሮሽ በሩ ላይ ነው፤ ኮቴ ስትሰሚ መርፌውን ትሸሽጊያለሽ። እንደዚያ ሆነሽ «የተበተነ ሐሳቤ ይሰበሰባል» ያልሽው ነገር ዛሬም ይገኛል? ደስታውን የወሰደብሽ ሽያጩ ብቻ ነው ወይስ መደበቁም ጨምሮበታል? እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢበት።

ይህ ነገር ለምን እንዲህ እንደሚያረካሽ ይገባኛል። ቀን የምትቆጥሪው ብር ከእጅሽ ወጥቶ ይሄዳል፤ ማታ የምትቆጥሪው ግን እጅሽ ላይ ይቀራል። ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ እያልሽ ስትሄጂ ሳታስቢው ሁለት ጣት ስፋት ያለው ነገር ጭንሽ ላይ ተሠርቶ ታገኚዋለሽ። ሹራብ ደግሞ አንድ የተለየ ጠባይ አለው። ሸማ የሚሠራው ድርና ማግ ተሻግረው ነው፤ ከተቆረጠ ተቆረጠ። ሹራብ ግን ከዳር እስከ ዳር አንዱ ክር በቀለበት ውስጥ ቀለበት እያወጣ የሚሄድበት ነው። የሚለጠጠውም፣ ሲሳሳቱ ተተርትሮ ክሩ ሳይጎዳ የሚመለሰውም ለዚህ ነው። አምስት ዙር ወደ ታች አንድ ቀለበት አምልጦሽ ያየሽበትን ቀን አስታውሺ። ሥራውን በሙሉ ማፍረስ አላስፈለገሽም፤ ያንኑ አንድ መስመር ብቻ እስከ ስሕተቱ ለቀሽ በኪሮሽ ጫፍ ቀለበቶቹን እየሳብሽ መሰላል እንደሚወጣ ሰው ወደ ላይ መልሰሽዋል። በቀን ሥራሽ አንዲት ቁጥር ስትሳሳቺ ከኪስሽ ትከፍያለሽ፤ ማታ ግን ስሕተትሽ በገዛ እጅሽ ይታረማል። ይህን የሚሰጥሽን ነገር «ጊዜ ማባከን» ብለሽ አትጥሪው፤ ሌላው ቢጠራውም እንኳ አንቺ አትጥሪው።

አሁን ወደ ቤተሰብሽ ልምጣ። አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ባለቤትሽ ገቢ ስለሌለው ሹራቡን ሥራ ብሎ አይቆጥረውም። እናቱ ደግሞ ሥራ ነው ብላ በበዓል ቀን ትከለክልሻለች። ሁለቱም በየራሳቸው መንገድ እውነት አላቸው፤ አንቺ መሐል ላይ ቆመሽ ለሁለቱም መልስ አጣሽ።

የአማትሽ ቀላሉ ስለሆነ እሱን እናስቀድም። በእሷ ዘመን ክር ለሴት ልጅ መዝናኛ አልነበረም። ጥጡን መዳመጥ፣ ባዘቶውን ማዘጋጀት፣ ፈትሎ ለሸማኔ ማድረስ፣ ይህ ሁሉ ከወፍጮውና ከውኃው በላይ የሚጨመር ግዴታ ነበር። በበዓል እንዝርት አይነካም ሲባል ያች እጅ በሕግ ዕረፍት የምታገኝበት ቀን ነበረች ማለት ነው። ስለዚህ በእሑድና በምታከብራቸው ቀኖች ክሩን አስቀምጪው። ለሚያመው እጅሽም ዕረፍት ይሆነዋል። የአንቺ ሹራብ ከዚያ ይለያል ብለሽ በልብሽ ካመንሽ ደግሞ ከአማትሽ ጋር ሙግት ከመግጠም የንስሐ አባታችሁን ጠይቂ፤ እሳቸው የሚሉትን እሷም ትቀበላለች። ከዚያ ይልቅ በአዘቦት ቀን አጠገቧ ተቀምጠሽ «እማማ፣ እርስዎ እንዝርቱን እንዴት ነበር የሚያሾሩት?» ብለሽ ብትጠይቂያት ምን ትልሽ ይመስልሻል? እኔ ብዙ የምታወራሽ ይመስለኛል።

የባለቤትሽ ነገር ሁለት ጉዳይ ያዘለ ነው፤ ገንዘብ አለ፣ ሌላም አለ።

ገንዘቡን አንቺ ከእኔ በተሻለ ታሰይዋለሽ፤ ግን አብረን እንየው። አንድ ሙሉ የአራስ ልብስ በ1,500 ብር ሸጥሽ እንበል፤ የክሩ ዋጋ 500 ቢሆን 1,000 ብር ይቀርሻል። በቀን ሁለት ሰዓት ለሁለት ሳምንት ብትሠሪ 28 ሰዓት ነው። በሰዓት ወደ 36 ብር ማለት ነው፤ ከተተረተረ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ለዚህ ብር የማታ ሰላምሽንና የእጅሽን ጤና መስጠት ያዋጣል ወይ? የእጅ ሥራ ሸጠው ቤት የሚያስተዳድሩ ሴቶች አሉ፤ ትልቅ ሙያ ነው፣ አከብራቸዋለሁ። እነሱ ግን የሚሠሩት ቀን ነው፣ ዋጋውንም በድካማቸው ልክ ይቆርጣሉ። አንቺ ቀን ሌላ ሥራ ላይ ውለሽ የተረፈችሽን ሁለት ሰዓት ነው የምትሸጪው። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ጽፈሽ አሳዪው። ከንዴት ጋር ከሚነገር «አልፈልግም» ይልቅ ቁጥሩ ሳይገባው አይቀርም።

በሌላ በኩል 500፣ 600 ብር በየወሩ ሲወጣ ማየቱ ሊያሳስበው ይችላል፤ ያ ስሜቱ ልክ ነው። ለክር የሚወጣውን አብራችሁ ቁረጡት፣ ከዚያ አትለፊ። ወጪውን የሚቀንስ አንድ መላ ልንገርሽ። ቅዳሜ ገበያ ከሰልባጁ ውስጥ ንጹሕ የሱፍ ሹራብ ፈልጊ። ከመግዛትሽ በፊት ገልብጠሽ የጎኑን ስፌት እዪው። ጠርዙ በመኪና ተቆርጦ ዙሪያውን የተዘመዘመ ከሆነ ተይው፤ ስትተረትሪው በየዙሩ እየተቆራረጠ ያስቸግርሻል። የፊቱና የኋላው ጠርዝ ሳይቆረጥ ተያይዞ የተሰፋውን ምረጪ፤ የስፌቱን ክር ካወጣሽ በኋላ ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ እንደ ውኃ ይፈስልሻል። የተተረተረው ክር የተጠቀለለ ጸጉር ይመስላል፤ በወንበር መደገፊያ ዙሪያ አዙረሽ አራት ቦታ ላላ አድርገሽ እሠሪውና ለብ ባለ ውኃ በሳሙና ንከሪው። ከዚያ ጥላ ሥር ስቀዪውና ከታች ቀለል ያለ ነገር አንጠልጥዪበት። ሲደርቅ ቀጥ ብሎ ይጠብቅሻል። በአንድ የአዋቂ ሹራብ ለልጆችሽ ሁለት ሹራብ ሊወጣሽ ይችላል። ልጆቹ መተርተሩን ይወዱታል፤ አንዱ ሲስብ አንዱ ሲጠቀልል የቅዳሜ ከሰዓት ሥራችሁ ይሆናል።

«በባሕር ዳር ሙቀት ማን ይለብሳል» ላለሽውም መልስ አለ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአክስትሽ ደብረ ታቦር ግን ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። በመኪና 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደሽ አምስት ስድስት ዲግሪ የሚቀዘቅዝ አገር ትገቢያለሽ። ጋይንት ብትሻገሪ፣ ጉና ሥር ብትደርሺ ደግሞ ብርዱን ታውቂዋለሽ። ለአክስትሽ የሠራሽላት ሹራብ አለ? ያ በራጂ ያስተማረችሽ እጅ አሁን ዕድሜው ገፍቷል፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት አንድ ወፍራም ሹራብ ብትልኪላት የሚሰማትን አስቢው። እዚሁ ከተማችንም ቢሆን አራስ ልጅ በጭንቅላቱም በኩል ሙቀት ስለሚያመልጠው ኮፍያ ይጠቅመዋል፤ ያለ ቀኑ ለተወለደማ የበለጠ። አንድ የሕፃን ኮፍያ በሁለት ማታ ያልቃል። ለቤታችሁ ሲሆን ከጥጥ ክር ሥሪ፤ ላብ ይመጥጣል፣ አይሞቅም። ጣና ዳር ማታ ንፋስ ሲነሣ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረግ ነገር ማን ይጠላል?

ሁለተኛውን የባለቤትሽን ጉዳይ አንቺ በአንድ መስመር አልፈሽዋል፤ እኔ ግን ዋናው እሱ ይመስለኛል። «አጠገቤ ተቀምጠሽም ቤት ያለሽ አትመስይም» ብሎሻል። እህቴ፣ ይህ የክር ዋጋ ያሳሰበው ሰው ንግግር ነው? ወይስ ሚስቱ የናፈቀችው ሰው? ቀን ሁለታችሁም ሥራ ላይ ናችሁ፤ ማታ ልጆችና እናቱ አሉ። የቀረችው ያች ሁለት ሰዓት ናት። እሷን አንቺ ለዕረፍት ትፈልጊያታለሽ፣ እሱም ምናልባት ለጨዋታ ይፈልጋታል። ናፈቅሽኝ ማለት የሚከብደው ወንድ ብዙ ነው፤ «ብሩ በዛ» ማለት ይቀለዋል። ልሳሳት እችላለሁ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ። መቼ ጀምሮ ነው መናደድ የጀመረው? ክር መግዛት ስትጀምሪ ነው ወይስ ትዕዛዝ ተቀብለሽ ዓይንሽን ከሥራው ማንሣት ሲያቅትሽ?

የእጅ ሥራ በራሱ ጨዋታን አይከለክልም። እናቶቻችን እንዝርታቸውን ይዘው ጎረቤት ሄደው ነበር እየፈተሉ የሚጫወቱት። ጣና ዳር ደንገል ጠቅልለው ታንኳ የሚሠሩትን ቆመሽ አይተሽ ከሆነ እጃቸው ሥራው ላይ ነው፣ ዓይናቸውና አፋቸው ግን ጓደኛቸው ጋ ነው። ልዩነቱ የምትሠሪው ሥራ ላይ ነው። አበባ ወይም ጉንጉን ያለበት፣ በወረቀት እያየሽ የምትቆጥሪው ሥራ ሰው ያርቃል፤ አንድ ጊዜ ቢጠራሽ «ቆይ፣ ቆይ» ትያለሽ። ሁለት ሥራ ይኑርሽ። አንዱ ለብቻሽ ጊዜ የሚሆን ከባዱ፣ ሌላው ያለ ሒሳብ የሚሄድ ቀላል ሻርፕ። ከእሱ ጋር ስትቀመጪ ቀላሉን ብቻ ያዢ፤ ሲያወራሽ ዓይኑን እያየሽ አውሪው፣ ጣቶችሽ እንደሆኑ መንገዱን ለምደውታል ብለሽኛል። ከሳምንቱም ሁለት ማታ ክር የማይወጣበት ይሁንና የእሱ ይሁን።

ይህን ሁሉ ግን ሳይነጋገሩ መጀመር አይሆንም፤ ንግግሩ ደግሞ ማታ፣ መርፌ በእጅ ይዞ፣ እናቱ በሚሰሙበት አይሁን። አንድ ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ልጆቹን ለአማትሽ አደራ ብለሽ «ና ትንሽ እንንሸራሸር» በዪው። ቤታችሁ ዓባይ ማዶ ስለሆነ አዲሱን ድልድይ በእግር ተሻገሩ። 380 ሜትር ነው፤ ዝግ ብሎ ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር ለመናገር በቂ ነው። ጎን ለጎን ሲሄዱ ፊት ለፊት ከመተያየት ይልቅ ከባድ ነገር ማውጣት ይቀላል። ስትጀምሪ ክሱን ተይው። «ማድ ቤት ተደብቄ ነው የምሠራው፤ ከአንተ መደበቄ ከሁሉ በላይ ከበደኝ» በዪው። መደበቅሽን ላያውቅ ይችላል። ከዚያ «ቤት ያለሽ አትመስይም ስትለኝ ምን ማለትህ ነበር?» ብለሽ ጠይቂውና ዝም ብለሽ ስሚው። መልሱ ገንዘብ ከሆነ የጻፍሽው ሒሳብ አለሽ። መልሱ ሌላ ከሆነ ደግሞ የምትሰጪው ማታ አለሽ።

እጅሽን ችላ አትበዪው። ለጥቂት ቀናት ሙሉ በሙሉ አሳርፊው። ስትመለሺ በየግማሽ ሰዓቱ አስቀምጠሽ ጣቶችሽን ዘርጊ፣ አንጓውን ቀስ ብለሽ አዟዙሪ። ክሩን አጥብቀሽ እየሳብሽ ከሆነ፣ ቀለበቶቹ መርፌው ላይ አልንሸራተት ካሉሽ፣ ወፈር ወዳለ መርፌ ቀይሪ፤ የተቸኮለና የተጨነቀ ሰው ሳያውቀው ያጠብቃል። ጣትሽ ከደነዘዘ ወይም ሌሊት ሕመሙ ከቀሰቀሰሽ ግን ቤት ውስጥ እያሸሽ አትቆዪ፣ ሐኪም ይየው።

ሦስተኛዋ ደንበኛሽ አሁንም እየጠበቀች ነው። ገንዘቧን ተቀብለሽ ከሆነና ልጁ ሊወለድ ከተቃረበ ኮፍያውንና ካልሲውን ብቻ ሠርተሽ የቀረውን ብር መልሺላት፤ ካልተቀበልሽ ደግሞ ክሩን ለራስሽ አስቀሪው። ነገ ሻይ ሰዓት ላይ ለብቻዋ ጥሪያትና «እጄን ስላመመኝ ሹራቡን መጨረስ አልችልም፤ ሳትቸገሪ ከሌላ ቦታ እንድታገኚ ብዬ ነው ቀድሜ የምነግርሽ» በያት። ቅር ሊላት ይችላል። ግን ከወሊዱ በኋላ ከምትሰማው ዛሬ ብትሰማው ይሻላታል። ለሌሎቹ «ለእኔም» ባዮች አንድ ዓይነት መልስ ይኑርሽ፦ «ለሽያጭ አልሠራም፤ መማር ከፈለግሽ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ቤት ነይ፣ መርፌና ክርሽን ይዘሽ»። ከመሐላቸው አንዷ እንኳ ብትመጣ የምትሠሪበት ሰዓት በቀን ብርሃን፣ ቡና ተፈልቶ፣ በር ተከፍቶ ይሆናል፤ አማትሽም ከጎናችሁ ትቀመጣለች።